ሽጉጥ ይዞ ኖር አይባልም

ነቬ ኢታማር በሚባለው ሰፈር ካሉት መዋዕለ ሕፃናት በአንደኛው በር ላይ የምትቆመውን ውባንቺን የማያውቅ የሰፈሩ ወላጅ የለም። ቁመቷ አጭር ነው፤ የምትጠብቀው አጥር ራሱ ይበልጣታል። እንዲያም ሆኖ በዚያ በር ሳያስፈቅዳት ያለፈ ሰው ቢኖር አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱም ውኃ ፈንድቶ እየሮጠ ነው የገባው። ነገሩ ካለፈ ዓመታት ሆነው፤ እሷ ግን አሁንም ስታስበው ይከነክናታል። ሰውየው ሲወጣ ጠብቃ የገባበትን ፈቃድ በመውጫው ላይ አስጠይቃዋለች።

ከበሩ በፊት መወልወያ ነበር። ውባንቺ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች፤ አባቷን እዚያው ጉዞውን ሲጠባበቁ ቀብራ ነው የመጣችው። አደገች፣ አገባች፣ ወለደች፤ ከዚያ የሰው ቢሮ ስትወለውል ኖረች። ሥራውን አልጠላችውም። የጠላችው እርጥቡን ወለል ረግጠው የሚያልፉትን ሰዎች ነው፤ ወለሉን ያያሉ፣ እሷን አያዩም። አንዳንዱማ ጫማው እንዳይርስ ይዘላል፤ ደህና አደርሽ ግን አይልም። በሩ ላይ መቆም ስትጀምር ይህ ሁሉ ቀረ። በር ጠባቂን ሰላም ሳይሉ ማለፍ አይቻልም፤ በተለይ በሩን የምትከፍተው ውባንቺ ከሆነች።

ስለዚህ ከቅርቡ ጦርነት በኋላ የጥበቃ ድርጅቱ "ከእንግዲህ ያለ መሣሪያ በር ላይ መቆም የለም" ሲል፣ ነገሩ ለሷ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በዘጠኝ ሚሊ ሽጉጥ ተፈትኖ ያለፈ ይቆማል፤ የወደቀ ከበሩ ይነሣል።

"አንቺ ምንም አትጨነቂ" አላት ኃላፊው፤ ደግ ሰው ነው። "ብትወድቂም ከሥራ አትወጪም። የጽዳት ክፍላችን ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋል።"

ይህን ያላት ሊያጽናናት ብሎ ነው። ውባንቺ አመሰገነችው። ሰው ሆና ወደማትታይበት ወለል ግን አትመለስም፤ ይህን በመንገድ ላይ ለራሷ ቁርጥ አድርጋ ነገረች።

የተኩስ መለማመጃው፣ እዚህ ሚትቫሕ የሚሉት፣ ከኢንዱስትሪው ሰፈር በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ከላዩ የወጥ ቤት ካቢኔ ይሸጣል። ጠዋት ጠዋት የሚሠለጥኑት ሴቶች ናቸው። አሠልጣኙ ሽሎሚ ይባላል። ጆሮው በተኩስ ብዛት ስለ ደከመ ሲናገር ይጮኻል፤ ለራሱ ግን የሚያንሾካሹክ ይመስለዋል። በመጀመሪያው ቀን ሴቶቹን ሰብስቦ "አንድ ምስጢር ልንገራችሁ" ብሎ የተናገረውን የካቢኔ ሻጮቹም ሰምተውታል።

"አፈሙዙ ወደ ፊት" አለ። "ስልካችሁ ቢጮኽ፣ ወደ ፊት። ቤታችሁ ቢቃጠል፣ ወደ ፊት። ባላችሁ ከሌላ ሴት ጋር በዚህ በር ቢገባ፣ እሱን ኋላ እናየዋለን፤ አፈሙዙ ወደ ፊት።"

ሴቶቹ ሳቁ። ስለ አማት ግን ምንም አላለም።

መጀመሪያ የሰጣቸው ትንሿን ባለ ሃያ ሁለት ካሊበር ሽጉጥ ነው። ጠቅ ትላለች፣ ወረቀቱ ይበሳል፣ አለቀ። ከውባንቺ ጎን የቆመችው ኦርኒት፣ ለራሷ የመሣሪያ ፈቃድ ልታወጣ ከባለጸጎቹ ሰፈር ከራማት ፖሌግ በራሷ መኪና የምትመጣ የጥርስ ሐኪም፣ "ይሄ ነው እንዴ?" አለች። ዘጠኝ ሚሊው ሲመጣ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ዘጠኝ ሚሊ ይራገጣል። ኦርኒት እንደ ተኮሰች ባዶው የጥይት ቀልሃ ተፈናጥሮ በሸሚዟ አንገት ገባ፤ ቀልሃ ደግሞ ሲወጣ ትኩስ ነው። ሴትዮዋ ሽጉጡን ወደ ፊት እንደ ያዘች ከወገቧ በታች ጨፈረች። ሽሎሚ ለሌሎቹ በጣቱ አሳያት።

"ተመልከቱ፤ እየተቃጠለች ነው፤ አፈሙዙ ግን የት ነው?"

የውባንቺ ጥይት ጣሪያውን መታ። ሁለተኛውም እዚያው ሄደ። ምላጩን ከመሳቧ በፊት ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትከሻዋም ወደ ኋላ ይሸሻል። ሽሎሚ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና "ሌባ በዚያ አይመጣም" አላት።

ከዚያ ከመሳቢያው አንድ ወፍራም ሽጉጥ አወጣ። ባለ አርባ አምስት ነው። ለፈተናው አያስፈልግም፤ የራሱ ዘዴ ነው፤ ዘጠኝን የፈራች ሴት ስትገጥመው አርባ አምስት ያስተኩሳታል። ውባንቺ በሁለት እጇ ያዘችው። እንዲህ ያለ ነገር እጇ ውስጥ መግባቱ ራሱ ገረማት፤ ግን ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ ፊቷ ላይ ነገር ማሳየት ልማዷ አይደለም። ተኮሰች። ክንዷ እስከ ግንባሯ ተነሣ፣ ጥርሷ ተንገጫገጨ፣ ወረቀቱ ላይ የተሣለው ሰውዬ ግን ሆዱ ላይ ተበሳ።

"አንድ ጊዜ ልድገም?" አለች።

ሽሎሚ ፈቀደላት። ደገመች፤ ሠለሰች። ወደ ዘጠኙ ስትመለስ እርግጫው እርግጫ አልመስላት አለ፤ ዓይኗንም መጨፈን ተወች። በሁለተኛው ሳምንት ከቡድኑ ከሷ የምትሻለው ኦርኒት ብቻ ነበረች፤ ኦርኒት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ትንሽ ቀዳዳ ላይ ማነጣጠር ነው።

ቤት ውስጥ ስለ ሽጉጡ ከሁሉ በላይ ያሰበበት ባሏ ውድነህ አይደለም፤ እሱ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ደክሞት ይገባል፣ ይተኛል። ያሰቡበት የውድነህ አባት፣ አባ ሙላት ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ጎንደር ገጠር እያሉ ውጅግራ ጠመንጃ ነበራቸው፤ ሲነሡ ለጎረቤት አደራ ሰጥተውት መጡ። ከዚያ አገር የመጣ ሰው ባገኙ ቁጥር ስለ ጠመንጃው ይጠይቃሉ። ስለ ጎረቤቱ ጠይቀው አያውቁም።

ውባንቺና አባ ሙላት አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ሃያ አምስት ዓመት ሆናቸው፤ ወሬ ግን አያወሩም። ጠብ ኖሮ አይደለም፤ ወጉ ነው። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ ዓይኑን ትክ ብላ አታይም፣ ነገር ካላትም በሰው ታስነግራለች። እሳቸውም በበኩላቸው ሳይስሉ ወደ ሳሎን አይገቡም። ይስላሉ፤ እሷ ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች፣ ዞር ብላ ጎንበስ ትልና "ኖር" ትላለች። "በእግዜር፣ ተቀመጭ" ይላሉ። ትቀመጣለች። ይህ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሆን የቆጠረ የለም፤ ጉንፋን የያዛቸው ሰሞን ግን ውባንቺ ወንበር ሳይነካት ነው የምትውለው።

"ጠይቂያት እስቲ፣ ይራገጣል ወይ?" አሉ አንድ ቀን አባ ሙላት የልጅ ልጃቸውን ሞሪያን። ውባንቺ እዚያው ከጎናቸው ተቀምጣለች።

"ኢማ፣ ሳባ ይራገጣል ወይ እያለ ነው" አለች ሞሪያ፤ እናቷን ኢማ፣ አያቷን ሳባ ነው የምትለው።

"ይራገጣል በያቸው።"

"ሳባ፣ ይራገጣል። በሰደር፣ እሺ?"

"እንዲያ ነው ደጉ" አሉ አባ ሙላት ረክተው። "የማይራገጥ መሣሪያ ሁኖ የሚረባ አላየሁ።"

የፈተናው ቀን አባ ሙላት የደም ግፊት ቀጠሮ ነበራቸው። ውድነህ ሥራ ላይ ነው፤ ሞሪያ ትምህርት ላይ ናት፤ ስለዚህ ውባንቺ ፈተናዋን ጨርሳ ወደ ክሊኒክ ልታደርሳቸው ይዛቸው ወደ ሚትቫሑ ሄደች። ከመስታወቱ ወዲያ ባለው መጠበቂያ ክፍል አስቀመጠቻቸው።

"ሽማግሌው ማን ነው?" አላት ሽሎሚ።

"የባሌ አባት።"

"ስሙስ?"

"የባሌ አባት" አለች ውባንቺ።

ሽሎሚ ልበ ደግ ስለሆነ ከዚያ በላይ አልጠየቃትም። ጥፋቱንም ያመጣው ይኸው ደግነቱ ነው። ውባንቺ የመጀመሪያውን ካዝና አሳምራ ተኩሳ ሁለተኛውን ስታጎርስ፣ ሽሎሚ ወደ መስታወቱ ዞር ሲል ሽማግሌው አፍንጫቸውን ለጥፈው ሲመለከቱ አየና አዘነላቸው። በሩን ከፈተ፣ የጆሮ መሸፈኛ አጠለቀላቸው፣ ከቀዩ መስመር ኋላ አቆማቸው። መሸፈኛው ተኩሱን ያፍናል እንጂ የሰው ድምፅ ያሳልፋል፤ ትእዛዝ እንዲሰማ ተብሎ የተሠራ ነው። አባ ሙላት ደግሞ ሰው ያለበት ክፍል ገብተዋል። ሳሉ።

ውባንቺ አላሰበችም። ለማሰብም ጊዜ አልነበረም። ዞረች፣ ጎንበስ አለች፣ የጎረሰውን ሽጉጥ በሁለት እጇ እንደ ያዘች "ኖር" አለች።

መጀመሪያ መሬት የነካው ሽሎሚ ነው፤ ሙያው ነው። ተራዋን ትጠብቅ የነበረችው ኦርኒት ጠረጴዛ ሥር ገባች። ቆመው የቀሩት አባ ሙላት ብቻ ናቸው። አፈሙዙ ጉልበታቸውን እያየ "በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጭ" አሉ። በክፍሉ ውስጥ ወንበር አልነበረም።

ሽሎሚ ተነሥቶ ሽጉጡን በቀስታ ከእጇ ወሰደ፣ ካዝናውን አወጣ፣ የቀረችውንም ጥይት አስወጣ። ከዚያ ከተዋወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት አንሾካሾከ።

"ወድቀሻል።"

ውባንቺ ምን እንደ ሆነ አስረዳችው። ሽማግሌ ሲገባ እንዴት እንደሚነሡ፣ ሳሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ኖር ምን እንደሆነ። ሽሎሚ እስከ መጨረሻው ሰማት። ብዙ ዓይነት ስሕተት አይቷል፤ እግራቸውን የመቱ አሉ፣ የመብራት ሽቦ የበጠሱ አሉ። በሽጉጥ ሰላምታ የሰጠ ግን አላየም።

"አንድ ዕድል አለሽ" አላት። "ከሁለት ሳምንት በኋላ። ሽማግሌውም እዚያው ይቆማል፣ ይስላል። የምትቆሚው በር ላይ ነው፤ በር ላይ የሚስል ሽማግሌ ሞልቷል። እሱ እየሳለ ካላለፍሽ፣ አላሳልፍሽም።"

ክሊኒክ ሲለኩ የአባ ሙላት ግፊት ደህና ሆኖ ተገኘ። የሷን የለካው የለም። በአውቶቡስ ሲመለሱ ሽማግሌው በመካከላቸው ሰው ሳያስገቡ ራሳቸው ጠየቋት፤ ይህ ሆኖ አያውቅም።

"እኔ ነኝ የጣልሁሽ?"

"አይደሉም፣ አባ። እኔው ነኝ።"

"ሁለተኛ ብትወድቂስ?"

"ወደ መወልወያው" አለች ውባንቺ፣ በመስኮት እያየች።

ፌርማታቸው ሲደርስ አባ ሙላት ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ "ነገ እንጀምራለን" አሏት።

በማግስቱ ሳሎን ውስጥ ሥልጠና ከፈቱ። ኢላማው ሞሪያ በረንዳው በር ላይ የለጠፈችው የወረቀት ሳህን ነው፤ ሽጉጡ የፀጉር ማድረቂያ ነው። አባ ሙላት ወደ ኮሪደሩ ይወጣሉ፣ ይስላሉ፣ ይገባሉ። ውባንቺ ማድረቂያዋን ይዛ ትዞራለች። "ሙቻለሁ" ይላሉ አባ ሙላት፤ ተመልሰው ይወጣሉ። ይስላሉ። ትዞራለች። "አሁንም ሙቻለሁ።" አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ያን ያህል ሞቶ አያውቅም። ጉሮሯቸው ተልጦ ሞሪያ ማርና ሎሚ ስታቀርብላቸው ሰነበተች። ውባንቺ አንዳንድ ጊዜ አንገቷን ገትራ ትጀምራለች፤ ግን ሳሉ ሲደገም ጉልበቷ ራሱ ይታጠፍና ትዞራለች።

አንገቷን ገትራ ከጀመረችባቸው ጊዜያት በአንዱ፣ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ባንቺአየሁ የተዋሰችውን ድስት ልትመልስ መጣች። በሩ ገርበብ ብሏል። ያየችው ይህንን ነው፤ ሽማግሌው ቆመው ይስላሉ፣ ምራታቸው ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ድስቱን እንደ ያዘች ተመለሰች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ለእርቅ መጡ። ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ውባንቺ ለእያንዳንዱ ሳል ልትነሣ ስትል ሞሪያ ቀሚሷን ይዛ አስቀረቻት።

"ምን አጠፋች?" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"ምንም አላጠፋች" አሉ አባ ሙላት።

"ጀርባዋን ሰጠችዎ ይባላል።"

"መች ሰጠችኝ" አሉ አባ ሙላት በምሬት። "ይህን ሰሞን ሁሉ ስለምናት እምቢ አለች እንጅ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ቀስ ብሎ፣ የግፊት ክኒናቸውን በሰዓቱ ይውጡ እንደሆነ ጠየቃቸው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ውባንቺ የፀጉር ማድረቂያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

"አልችልም፣ አባ" አለች። "ይተዉኝ። አባቴን አዲስ አበባ ቀብሬ ነው የመጣሁት። እዚህ አገር ብድግ የምልለት ሰው አልነበረኝም፤ እርስዎን አገኘሁ። ጀርባዬን ስሰጥዎ እሱን ሁለተኛ የምቀብረው ይመስለኛል።"

ይህን ብላ አለቀሰች። ሞሪያ ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች የተጠጣበትን ብርጭቆ ሁሉ ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

አባ ሙላት በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ይወዷት እንደሆነ ነግረዋት አያውቁም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

"ስሚኝ ልጄ" አሉ። "የተነሣሽልኝ ሁሉ ደርሶኛል። አንድም አልጎደለብኝ። ከእንግዲህ እኔ ስስል አንች ሳትዞሪ ከቀረሽ፣ ኖር እንዳልሽኝ ቆጥሬ በእግዜር እልሻለሁ። ያው ነው። ተቀባዩ እኔ ነኝ፤ እኔ ከተቀበልሁ ማን ያገባዋል?"

ተነሥተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ውባንቺ ዓይኗን ጠርጋ ማድረቂያውን አነሣችና ወደ ሳህኑ ዞረች። ሳሉ። አንገቷ ደነደነ፣ ዓይኗ እንደገና እንባ ሞላ። አልዞረችም። ከኋላዋ "በእግዜር" የሚል ድምፅ ሰማች። ያን ጊዜ አባ ሙላት አልሞቱም።

በሁለተኛው ፈተና ሽሎሚ ከወትሮው ራቅ ብሎ ቆመ። ኦርኒት በመጀመሪያው ጊዜ አልፋለች፤ ቢሆንም ልታይ መጥታ ከመስታወቱ ወዲያ ቆመች። አባ ሙላት የሰንበት ኮታቸውን ለብሰው ከቀዩ መስመር ኋላ ቦታቸውን ያዙ። ውባንቺ አጎረሰች፣ አነጣጠረች፣ ተኮሰች። ሳሉ። ተኮሰች። ያለ ምሕረት ሳሉ፤ ለዚህ ሲዘጋጁ ነው የሰነበቱት። ካዝናውን ለወጠች፤ ሲስሉም ተኮሰች፣ ሳይስሉም ተኮሰች። በየተኩሱ መካከል ከኋላዋ "በእግዜር" ይላል ድምፁ፤ ደግሞ ይስላል፤ "በእግዜር" ይላል። ሽሎሚ የሚጸልዩ መስሎት ባርኔጣውን አስተካከለ።

መሣሪያውን ባዶ አድርጋ አስቀመጠችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሽሎሚ ወረቀቱን ስቦ አየ። "አልፈሻል" አለ፤ ፎቅ ላይ ያሉት የካቢኔ ሻጮች እንኳ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ያኔ ውባንቺ ባዶ እጇን ዞረች፣ ከወገቧ ጎንበስ አለችና "ኖር" አለች።

"ብለሽኛል እኮ" አሉ አባ ሙላት። "ሲበዛ ጥሩ አይደለም።"

አሁን ውባንቺ በሩ ላይ ናት፤ ዘጠኝ ሚሊው ወገቧ ላይ ነው። አባ ሙላት ወደ አረጋውያን መዋያው ሲሄዱ መንገዳቸውን አጣምመው በኋላዋ ያልፋሉ። ይስላሉ። እሷ ዓይኗን ከመንገዱ አታነሣም። "በእግዜር" ይሉና ያልፋሉ። አንዳንድ ቀን እኩዮቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ በዱላቸው እያመለከቱ "ያች ምራቴ ናት" ይሏቸዋል። "ዙራ እንኳ አታየኝም።" እንዲህ ያለ ነገር በኩራት ሲነገር የሰማ ሽማግሌ በዚያ ሰፈር ስለሌለ፣ እኩዮቻቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ አብረው ይሄዳሉ።

በክረምቱ ደረታቸውን አሟቸው ተኙ። ሲሻላቸው ሐኪሙ መውጣት ፈቀደላቸው፤ ውባንቺም በዚያን ጠዋት እንደሚያልፉ ታውቃለች። ሕፃናቱ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። ሳል የለም። የሚያልፉበት ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። ውባንቺ መንገዱን ታያለች፤ ጆሮዋ ግን ወደ ኋላዋ ነው። ሳል የለም። ቤት ስትወጣ ሲተነፍሱ ከብዷቸው እንደ ነበር ትዝ አላት፤ ከዚያ በኋላ ያሰበችውን ለማንም አልተናገረችም። እጇ ሽጉጡ አጠገብ አልሄደም፤ መላ ሰውነቷ ግን ዞረ።

አባ ሙላት ራቅ ብለው በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። በሌላው እጃቸው አፋቸውን አፍነዋል፤ ፊታቸው ቀልቷል፤ ሳሉን ውጠው የያዙት በግድ ነው።

"ወደቅሽ" አሉ እጃቸውን አንሥተው።

"ወደቅሁ፣ አባ" አለች ውባንቺ። "ይህን ሁለተኛ እንዳያደርጉብኝ። ሲያልፉ ይሳሉ። ጮክ ብለው ይሳሉ።"

አባ ሙላት እስከ መንገዱ ማጠፊያ ድረስ ጮክ ብለው እየሳሉ ሄዱ፤ ውባንቺም ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።